ሰሚራ ከገደሉ ውስጥ ስትደውል

እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሆሳዕና

አባን ሐሙስ ቀበርነው። እህቴ ሰሚራ ገና አልሰማችም። ቆጵሮስ ሰው ቤት ተቀጥራ ነው የምትሠራው። መርዶውን እዚያ ያሉ የአገር ልጆች ተሰብስበው እንዲነግሯት ሽማግሌዎቹ ወስነዋል። እስከዚያ ከደወለች ደህና ነው በሉ ተብለናል።

ዛሬ የእረፍት ቀኗ ነው። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠ በቪዲዮ ደወለች። ድንኳኑን እንዳታይ ከቤት ጀርባ እንሰቱ መሀል ገብቼ አነሳሁ።

ከጓደኞቿ ጋር በገደል ውስጥ እየተጓዘች ነው። ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ነጭ ድንጋይ ነው፤ መሀሉ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ከእግራቸው ሥር ቀጭን ውኃ ይወርዳል።

"አባን ጥራልኝ!" አለች እየሳቀች። "በጭነት መኪና የጊቤን ቁልቁለት ወረድኩ እያለ ሲጎርርብን የኖረው፣ እስቲ ይኼን ይይ!"

"መስጊድ ሄዷል" አልኳት። ድምፄ እንኳን አልተለወጠም።

"በዚህ ሰዓት?"

"ከሰዎች ጋር ነው የሄደው።"

"እሺ፣ ቀርጬ እልካለሁ። ሲመጣ አሳየው።"

ድንኳን ተመልሼ ተቀመጥኩ። አክስቴ ነፊሳ ማን እንደደወለ ጠየቀችኝ። ስነግራት ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። እኔ እንባ አልመጣልኝም። ከሐሙስ ጀምሮ እንደዚሁ ነኝ።

ቪዲዮው ደረሰ። መጨረሻው ላይ ስልኩን ወደ ፊቷ አዙራ "አባዬ፣ አልፈራሁም እኮ!" ትላለች።

ሲመሽ "አየው?" ብላ ጻፈች።

"አየው" አልኳት።

"ምን አለ?"

ቪዲዮውን መልሼ ከፈትኩት።