በአባያ ዳር ሦስት ሌሊት

ሶዶ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአቶ ማሞ፣ አዲስ አበባ።

ክረምቱ እንደምን አለፈልዎ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና አለን።

በአባያ ሐይቅ ዳር አዲስ መንደር ተቆርቁሯል። አንድ ቆርቆሮ ክዳን ቤት አግኝቻለሁ፤ ልግዛው ወይስ ልተወው? አባታችን «ቤት ሳታድርበት አትግዛ» ይሉን አልነበር? እኔም ልጄን ጽጌሬዳን ይዤ ሦስት ሌሊት አደርኩበት። እናቷ «እሷ ትቅር» ብላኝ ነበር። ልጅቷ ግን ሐይቁን ስታይ «አባባ፣ ይሄ ሁሉ የኛ ሊሆን ነው?» አለችኝ።

ባዳቾ የሚባል ወላይታ ገበሬ እዚያው ጥጥ ያለማል። ሁልጊዜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ደጋ ይወጣል። «ጌታዬ፣ እኛ እዚህ እንውላለን እንጂ አናድርም። ልጅቱን ይስጡኝ፣ እኔ ቤት ትደር» አለኝ። የደጋ ሰው ቆላ ይፈራል ብዬ ሳቅሁበት።

ከተመለስን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ጽጌሬዳ ደኅና ናት። በጠራራ ፀሐይ «ጋቢ ደርቡልኝ» ትላለች እንጂ ሌላ የለባትም። እናቷ የቤቱን ነገር አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔንም ካናገረችኝ ሰንብታለች። ትናንት ባዳቾ ለጽጌሬዳ ማር ይዞላት መጣ። ገብቶ አያትና ማሩን ከራስጌዋ አኑሮ ወጣ።

ስለ ቤቱ ለመልስ አይቸኩሉ። ጽጌሬዳ እንደ ወትሮዋ ከደብዳቤዬ ግርጌ ስሟን ልትጽፍልዎ ፈልጋ ነበር። ብዕሩ ከእጇ እየወደቀ ስላስቸገራት እኔ ጻፍኩላት።

ጉልበትዎን እስክስም በጤና ይቆዩኝ።

ታናሽዎ ጉልላት

ጽጌሬዳ