ሠላሳ ሚሊ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ከወሊድ ወደ ሥራ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ። ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ። ምሳ ሰዓት ላይ የክር መጋዘን ገብቼ፣ ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ አለብኩ። ከሁለቱም ጡቴ የወጣው ሠላሳ ሚሊ ብቻ። ባለፈው ሳምንት ስልሳ ነበር... ምን ነካኝ? ተቆጣጣሪያችን ሁለቴ አንኳኩብኝ። «እማማ ሰዓት» የምንላቸው ወደን አይደለም።

ቤት ስገባ ልጄ ትንሽ ጠባችና ፊቷን አዞረች። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ቀን በደንብ ስለጠጣች ነው አለችኝ። ምኑን? የአራት ወር ልጅ እኔ በማመጣው ትጠግባለች?

እግዜር ይስጣት እህቴን። የራሷን ልጅ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ቀብራ፣ ሁለት ወር ሳይሞላት የእኔን ልትይዝልኝ መጣች። ሌላ ሰው ቢሆን ሕፃን ማየት ያስጠላው ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ያገኘሁት ሰው የመከረኝን ሁሉ ጠጣሁ። አብሽ፣ አጃ፣ ውሃ በጆግ። ሽንት ቤት ተመላለስኩ እንጂ ጡቴ እንደሆነ ወይ ፍንክች። ሃያ አምስት ሚሊ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

የክትባት ቀን። ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጣት ቁጥሩን ላለማየት ፊቴን አዞርኩ። ቀንሳለች ልትለኝ ነው ብዬ... ነርሷ ፈገግ አለች። «ስድስት ኪሎ ተኩል። ጎበዝ እናት!»

ደነገጥኩ። ሚዛኑ ተበላሽቶ እንዳይሆን አልኳት። ደግማ መዘነቻት። ያው። የማልበውን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ይቺ ልጅ እንግዲህ በአየር አልወፈረችም። ቤት ሌላ የሚሰጣት ነገር አለ?»

የለም አልኩ። አለ እንዴ? ቤት ገብቼ ቁም ሳጥኑን፣ የቆሻሻ ባልዲውን ሳይቀር ፈተሽኩ። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ የለ፣ ምን የለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

መብራት ጠፋና ከሰዓት ለቀቁን። ሳይታሰብ ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ልጄ ጉልጭ ጉልጭ እያደረገች ስትውጥ ይሰማኛል። ከእኔ ስትጠባ እንዲህ ስትውጥ ከሰማሁ ሰነበትኩ...

የያዝኩት ጠርሙስ ከእጄ ወደቀ። እትዬ ዞር ብላ አየችኝ። ልጄ ብቻ መጥባቷን ቀጠለች።

እህቴ? ልጄን?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ነገረችኝ። ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ነው። ልጄ ጠርሙስ አልይዝ ብላ ስታለቅስ፣ የእሷ ልብስ ደረቱ ላይ በወተት ራሰ። ሐኪሙ ይደርቃል ብሏት ነበር። አልደረቀም። አንድ ቀን ብቻ ብላ ጀመረች... ከዚያ ማቆም አቃታት።

«የማልበውስ?» አልኳት።

የልጄን ጨርቅ ማጣጠፍ ጀመረች።

«የማልበውስ፣ እትዬ?»

«እደፋዋለሁ።»

ያ ሁሉ ካርቶን ላይ መቀመጥ፣ የጡቴ ጫፍ ቁስል... ለፍሳሽ። ውጪልኝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሳልላት ሻንጣዋን አወጣች። ያን ጊዜ «ሐኪም ሳናይ የትም አትሄጂም» አልኳት። ለምን አስቀረኋት? እኔ እንጃ።

ለሥራ ክፍለ ሀገር የሄደው ባለቤቴ ደውሎ ድምፅሽ ምን ሆኗል አለኝ። ጉንፋን ነው አልኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ነርሷ ሁለታችንንም ገሠጸችን። ሳይመረመሩ የሌላ ሰው ልጅ ማጥባት ለሕፃኗ አደጋ ነው አለች። የሦስታችንም ደም ተወሰደ። ውጤቱ ሰኞ። አራት ቀን! እህቴ በሽታ አስተላልፋባት ቢሆንስ? እትዬ ጥግ ይዛ ቁጭ ብላለች። ልጄን አትነካትም።

የእኔ ወተት ለምን እንደቀነሰም ገባኝ። ጡት የሚሞላው ሲጠባ ነው። ጠግባ እየጠበቀችኝ ማን ይጥባው? በቀን ስምንት ጊዜ አጥቢ፣ ካልሆነ እለቢ ተብያለሁ። ስምንት ጊዜ... ከእማማ ሰዓት ጋር?

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሁላችንም ነፃ ነን። ምርመራው ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል። ኮሪደሩ ላይ ልጄን ለእትዬ አስታቀፍኳት።

ከሰዓት ቆረጥኩና እማማ ሰዓት ዘንድ ሄድኩ። ሲቆጡኝ ይታየኝ ነበር። ነርሷ ያለችኝን ሰምተው ሰዓታቸውን አዩ። «ልጅቷን ምሳ ሰዓት በጓሮ በር ያምጡልሽ። ግማሽ ሰዓት» አሉኝ። ልወጣ ስል ደግሞ፣ «አራት ወልጃለሁ። አንዱንም ጠግቦ ሲተኛ አላየሁም፤ እዚህ ነበርኩ።» አሉኝ። እጅ ነስቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ጠዋት መጋዘን ውስጥ ዘጠና ሚሊ አለብኩ። ልጄም ጠርሙሱን ለምዳለች። ምሳ ሰዓት እትዬ እንደ ሰሞኑ ይዛልኝ መጣች። ጠባች፣ ጠባች፣ አገጯ እስኪረጥብ... ከዚያ እዚያው ጡቴ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

«የእኔ ደረቀ» አለች እትዬ። ዛሬ ጠዋት ነው ያወቀችው።

እሰይ አይባል። አይዞሽም አይባል። ሁለት ወር ገደማ አንድ ቤት ስንኖር አንድም ቀን ያልጠየቅኳት ነገር ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ማንም አልጠየቃትም።

«የልጅሽን ስም ማን ብለሽው ነበር?»

የልጄን የረጠበ አገጭ ጠረገች። ከዚያ ነገረችኝ። ለአባቱ እንኳ ነግራው አታውቅም። አስደገምኳት። ለሦስተኛ ጊዜ የጠራሁት እኔ ነኝ።

እዚህ አልጽፈውም። የእሷ ነው።