ጣቢያው የፈረሰ ዕለት

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ አልለቅ ያለህ ጉንፋን እንዴት ነው? እኛማ አለን እንበል። እኔ ጉልበቴ ካላስቸገረኝ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤዬ የዘገየው አንተን ረስቼ አይደለም፤ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ከየት እንደምጀምር እየጠፋኝ ነው።

ጣቢያው ፈርሷል። ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ልንገርህ ብዬ ነው።

አባባ ያጫውቱን የነበረው ትዝ ይልሃል? ጣቢያው ከከተማው ይቀድማል። በመጀመሪያ እዚህ የነበረው የውሃ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ የእንፋሎቱ ባቡር ውሃ ሊሞላ ይቆማል። ባቡሩ ሲጠጣ መንገደኛው ይርበዋል። ለመንገደኛው ምግብ ቤት ተከፈተ፣ ከምግብ ቤቱ ጎን ልብስ ሰፊው መጣ፣ ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ። ይህ ከተማ የተወለደው ከባቡር ጥማት ነው ይሉን ነበር እየሳቁ። ሰዉ ሰዓቱን የሚሞላው በባቡሩ ጡሩምባ ስለነበር፣ ባቡሩ የዘገየ ዕለት ከተማው በሙሉ ይዘገያል። በኋላ በናፍጣ የሚሄደው መጣ፤ ውሃ አይፈልግ፣ ትንሽ ቆም ብሎ ያልፋል። ቀጥሎ አስፋልቱ ተሠራና መንገደኛው ወደ አውቶቡስ ዞረ። አንተ የሄድክበት ባቡር ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር።

አባባ ግን እኔና አንተ ከተወለድንባቸው፣ ከቲኬት መሸጫው ጀርባ ካሉት ክፍሎች አልወጡም። ከጣቢያ ኃላፊነታቸው ጡረታ ወጥተውም ጠዋት ጠዋት የተሳፋሪ መጠበቂያውን ይጠርጋሉ። ለማን ነው ስላቸው፣ ቆሻሻ ቤት አልኖርም ይሉኛል።

ማዘጋጃ ቤቱ ቦታውን ለጭነት መኪና ማቆሚያ ፈለገው። አባባ በሩን ከውስጥ ቆልፈው እምቢ አሉ። የከተማው ሰው ሳይደርስልኝ አይቀርም ብለው ነበር። መምጣቱንስ መጣ። የመጣው ግን አፍራሹ ማሽን ሳይደርስ የሚነቀለውን ሊነቅል ነው። አንዱ ቆርቆሮ፣ አንዱ መስኮት፣ አንዱ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ሄደ። ልብስ ሰፊው እንኳ አልቀረም።

አባባ በመስኮት ያያሉ። ኋላ ፉጨትን አዩት። እያፏጨ ስለሚሠራ ፉጨት ያልነውን ሐዲድ ቀያሪ አትረሳውም፤ ዕድሜ ልካቸውን አብረው የሠሩት፣ አንተን በትከሻው ያዞረህ። ዲጂኖ ይዞ የመጠበቂያውን በር ሊገነጥል ይታገላል። አባባ ቁልፉን ከፍተው ወጡ። ሊጣሉ ነው ብዬ ሮጥኩ። እሳቸው ግን፣ ቀስ በል፣ ከላይ ጀምር፣ መስታወቱ ይሰበርብሃል አሉትና በሩን በሌላው ጫፍ ያዙለት። ፉጨት እንደ ልጅ አለቀሰ። የልጄ ቤት በር የለውም፣ ምን ላድርግ ጌታዬ ይላል። ውሰደው፣ ጥሩ እንጨት ነው አሉት።

ከዚያ ወዲያ ድምፃቸውን አልሰማሁም። ቤቴ አመጣኋቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ሾርባ አቀርባለሁ፣ እዚያው ይቀዘቅዛል። አባባ፣ እባክዎን ስላቸው ዓይናቸውን እንኳ አይገልጡም። ሐኪሙ መጥቶ መረመራቸውና በሽታ አላገኘሁባቸውም አለ። እኔ አግኝቼዋለሁ፤ ምን ዋጋ አለው።

አሁን እዚያ መኪኖች ይቆማሉ። ሾፌሮቹ ቀድሞ ምን እንደነበር አያውቁም፣ የሚነግራቸውም የለም። እኔም ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ እንጂ በዚያ በኩል አላልፍም።

ወንድሜ፣ ፈቃድ አልሰጡኝም ብለህ ከአለቆችህ ጋር አትጋጭ። አሁን የሚያስቸኩል ነገር የለም። ስትመጣ ማረፊያ አታጣም፤ መስኮቱ ሥር ያለውን አልጋ አንሶላውን አጥቤ አንጥፌዋለሁ። ካፖርታቸው ልክህ ስለሚሆን ለማንም አልሰጠሁትም። ፉጨትን ደግሞ አትቀየመው፤ አባባን በሸኘንበት ቀን ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው፣ ከፊት ሆኖ የተሸከማቸውም እሱ ነው።

ይህን ስታነብ ብቻህን ከሆንክ ጎረቤት ጥራ። እግዚአብሔር ያጽናህ። ሁለታችንንም ያጽናን።

ካንተ ሌላ ማንም ያልቀራት
ታላቅ እህትህ