ቤት በቀየሩ በሦስተኛው ቀን

ቡታጅራ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለሙንታሲር

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬን ወገቧን ትንሽ ያማታል፤ ስትጠየቅ ግን «ደህና ነኝ» ትልና የጎረቤቱን ወገብ ትጠይቃለች። ዘንድሮ ክረምቱ ረስቶናል። ደመናው ዘቢዳር ተራራ ላይ ይሰበሰባል፣ እኛን ቁልቁል ያየናል፣ ሐሳቡን ቀይሮ ይሄዳል።

ጁምዓ ጁምዓ በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልኩ የእማዬ ነው። እማዬ ደግሞ ላውድ ላይ ካልሆነ ማውራት አይሆንላትም፤ ያንተ ድምፅ ቤቱን ካልሞላው የደወልክ አይመስላትም። እኔ የምነግርህ ነገር ቤት ሙሉ የሚሰማ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለራሴ። ከወልቂጤ ተመርቄ ከመጣሁ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ቆሼ ከተማ ያለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል ተብሎ ተመዝግቤያለሁ፤ «እንጠራሻለን» ብለዋል፤ እስካሁን አልጠሩኝም። መቀመጥ ደግሞ አልችልም፣ ታውቀኛለህ። የአባባን ሬዲዮ የፈታታሁት እኔ ሆኜ የተገረፍከው አንተ ነበርክ። ስለዚህ ቀን ቀን መናኸሪያው አጠገብ፣ ከማሉ የሚባል ሰው ኮምፒውተር ቤት እውላለሁ። ሰው ማመልከቻ ያስተይባል፣ ፊልም በፍላሽ ያስጭናል። ከኋላ ባለው ክፍል ልጆቹ ጌም ይጫወታሉ። ዘንድሮ አንድ ጨዋታ ገብቶ ሁሉንም አሳብዷል፤ እኔንም ጨምሮ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ዓለም አልቃለች። ማን እንደጨረሳት አይናገርም። በፍርስራሹ ላይ አራት ወገኖች ይዋጋሉ። ሦስቱ ፋብሪካ አላቸው፣ ታንክ አላቸው፣ የሚያብረቀርቅ ልብስ አላቸው። አራተኛው ምንም የለውም። የሌሎቹን ስብርባሪ ለቅሞ ነው የሚኖረው። መኪናቸው ግማሹ አውቶቡስ ግማሹ ትራክተር ሆኖ የኋላ ጎማው ከፊቱ ይበልጣል። ጋሻቸው የፍሪጅ በር ነው። አንዱ ወታደር ድስት ደፍቶ ይዋጋል፤ የድስቱ ጆሮ ሳይቀር ይታያል! የሌላው ወገን ወታደር ትእዛዝ ስትሰጠው ተረከዙን አጋጭቶ ይሄዳል፤ እነዚህ ግን መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ ከዚያ ጭንቅላታቸውን ያክካሉ፣ ከዚያ እየተንኳኩ ይነሳሉ። ልጆቹ ስም አውጥተውላቸዋል፦ «ቆራሌዎቹ»።

ማንም አይነካቸውም። እኔ ደግሞ ማንም ያልነካው ነገር ያሳክከኛል። የሠራቸው ሰው ዝም ብሎ ለመሳቂያ አልሠራቸውም፣ አንድ የደበቀላቸው ነገር አለ ብዬ እነሱን ይዤ ገባሁ። ናትናኤልን ታስታውሰዋለህ፤ የመምህር ሽፈራው ልጅ፣ አሁን በርና መስኮት ይበይዳል፤ በዚህ ጨዋታ የሚችለው የለም። ቆራሌዎቹን ስመርጥ አይቶ፣

«ባሂርዬ፣ ዲግሪሽን ይዘሽ ቆራሌ ሆንሽ?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ዘጠኝ ጊዜ ገጠምኩት፣ ዘጠኝ ጊዜ አሸነፈኝ። ታንኩ በተመታ ቁጥር ሰዎቼ ሮጠው ስብርባሪው ላይ ይወጣሉ፤ ሳይለቅሙ በዘበኞቹ ያልቃሉ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ጁምዓ ስትደውል ይህንኑ አጫወትኩህ። ቤት ውስጥ እማዬ ነበረች፤ ሰልሚያም፣ ያንተዋ ሰልሚያ፣ እማዬን ልትጠይቅ መጥታ ነበር፤ ሰላም ብለሃታል። እንዴት እንደሳቅክብኝ ትዝ ይልሃል? እኔ የተናገርከውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«አንቺ ሞኝ! የተሰበረ ዕቃ በተሰበረበት ሰዓት አይጠየቅም። ሰው ቤት ሲቀይር አይተሽ ታውቂያለሽ? በመጀመሪያው ቀን የተሰነጠቀ ባልዲ ብትጠይቂው ከአያቱ የወረሰው ነው። በሁለተኛው ቀን ይደክመዋል። በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ቆሞ ራሱ ይጠራሻል። አንቺ ሰፈሩን ብቻ አትልቀቂ። በማዶ እለፊ፣ ድምፅሽን ይስማ፣ አትግቢ።»

በማግስቱ እንዳልከው አደረግኩ። ሰዎቼን ከስብርባሪው ማዶ አዟዟርኳቸው፤ ሳይገቡ፣ ሳይርቁ። የናትናኤል ዘበኞች ቆመው ቆመው ሌላ ውጊያ ሲጠራቸው ትተውት ሄዱ። ያን ጊዜ ገባን። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሱን ታንኮች በሱ ላይ ነዳኋቸው፤ አንዱ ታንክ ላይ የአልጋ ራስጌ ተበይዶበታል። ናትናኤል ተነስቶ ጭንቅላቱን ያዘ።

«ይሄ ቆራሌ አይደለም፣ ጂን ነው! ማን አስተማረሽ?»

«ወንድሜ» አልኩ እየተኩራራሁ።

«ሙንታሲር? እሱ ከተማ ሱቅ ከፍቶ ሻሽ አይደል እንዴ የሚሸጠው?»

«አዎ» አልኩ። ከዚያ ሻሽ ሻጭ ይህን ከየት ያውቃል ብዬ ጨዋታውን ዘጋሁት።

ያን ቀን የጨዋታውን ፋይል ከፍቼ አየሁ። እውነትም ዘበኞቹ እስከ መቼ እንደሚቆሙ የሚወስን ቁጥር ተጽፏል። እኔ ኮምፒውተር ተምሬ፣ ከፍቼ ነው ያገኘሁት። አንተ ጨዋታውን በዓይንህ ሳታየው ነው የነገርከኝ።

ቤት ስገባ ባለፈው ዓመት የላክልኝን ካርቶን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። የኮምፒውተሬ ዕቃ የመጣበትን። ብሎኖቹ እንደየመጠናቸው በመድኃኒት ብልቃጥ ተለይተው ነበር። ካርቶኑ የታሰረበትን ገመድ ያን ጊዜ ገመድ ነው ብዬ አልፌዋለሁ፤ አሁን ሳየው መዳቡ የወጣለት የሽቦ ልጣጭ ነው። ሻሽ ቤት ውስጥ መዳብ የሚልጥ ማን ነው?

ሙባሪክን ያዝኩት። ዕቃህን የሚያመላልስ ሹፌር እሱ ነዋ። መጀመሪያ «እኔ መኪና ነው የምነዳው» አለኝ። ከዚያ «ወላሂ አስምሎኛል» አለኝ። ሲብስበት «ሱቁ መንገድ ሲሰፋ ፈርሷል፤ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ተሳፋሪ እንኳ አልሞላለትም። እባክህ አትቆጣው።

ሦስት ዓመት ማለት እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በዓመቱ ነው። ስለዚህ ነገር ብዙ ልጽፍልህ አስቤ ነበር። ሁለት ወረቀት አበላሽቼ ተውኩት።

እማዬ አታውቅም። ከአፌም አይወጣም። ግን እሷ ለሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሻሽ ላክ እያለች ስታዝህ፣ አንተ ከሰው ሱቅ እየገዛህ «ከሱቃችን» ብለህ ስትልክ እንደነበር ሳስበው፣ አንዴ እስቃለሁ፣ አንዴ ደግሞ ተወው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሰልሚያም ሰምታሃለች።

ከዚያ ጁምዓ በኋላ በሦስተኛው ቀን የክረምት ተማሪዎቿን ስም ልታስተይብ ከማሉ ቤት መጣች። ስሙን አስተይባ ጨርሳ አልሄደችም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ባሂራ፣ ወንድምሽ የጨርቅ ሰው አይደለም፣ አይደል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«‹ድምፅሽን ይስማ› አለ። ሻሽ ሻጭ በማዶ እያለፈ ማንን ነው የሚጣራው?»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ።

«ቆራሌ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ። መዋሸት እንደማልችልበት ታውቃለች።

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ተለወጠ። «ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት ሙሉ ‹አረንጓዴው አልቋል፣ ውኃ ሰማያዊው ረቡዕ ይገባል› ሲለኝ! እኔም ቂሏ ረቡዕን ስጠብቅ!»

«ሥራውን ጠላሽበት?»

«ሥራውን መች ጠላሁ! አባቴ እኮ በርበሬ ተሸክሞ ከቆሼ ቡታጅራ በእግሩ የተመላለሰ ሰው ነው። እኔን ያበገነኝ ረቡዑ ነው።»

ሙንታሲር፣ ሦስት አረፋ «ሱቁ ሥራ በዝቶበታል» ብለህ ቀርተሃል። ለምን እንደቀረህ አሁን ገባኝ። ብትመጣ የሰልሚያ አባት ሐጂ ሀያቱ «መቼ መጥቼ ሱቅህን ልይ» ይሉሃላ። አንተ ስትቀር ግን እነሱ ቤት ጊዜ አልቆመም። ቆሼ ያለ የበርበሬ ነጋዴ ለሰልሚያ ሽማግሌ ልኳል። ሐጂ ሀያቱ «አረፋን እንለፍና መልስ እሰጣችኋለሁ» ብለዋቸዋል። ይህን ያሉት ላንተ ብለው ነው፤ ሌላ ምክንያት የላቸውም።

ሰልሚያን «ልጻፍለት?» ብዬ ጠየቅኳት። ያለችውን እንዳለ አደርስልሃለሁ።

«ለአባቴ በራሱ አፍ ይንገረው። በሙባሪክ አይላክበት፣ በእናቱ አይላክበት። እስከ ዋዜማው፣ እስከ ሴቶች አረፋ ድረስ እጠብቀዋለሁ። ከዚያ የቆሼዎቹ መልስ ይፈልጋሉ፣ እኔም ዕድሜዬ ይሄዳል። መጥቶ ደግሞ ስለ ሻሽ አንዲት ቃል ቢተነፍስ፣ ተነስቼ እወጣለሁ።»

ቁርጡ ይህ ነው። አረፋ ጨረቃ ካልቀየረችው አራት ሳምንት ቀርቶታል። ለሐጂ ሀያቱ ምን ብለህ እንደምትጀምር እኔ አላውቅልህም። ሱቁ መፍረሱን ንገራቸው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እንዴት እንደምትል ከቸገረህ፣ ለኔ በስልክ ያስተማርከኝን ለሳቸው ድገምላቸው። ነጋዴ ናቸው፤ ያን የሚናገር ሰው ምን ዓይነት ሠራተኛ እንደሆነ ይገባቸዋል።

እኔ ግን የምጠይቅህ አላለቀም፤ እንዲያውም አሁን ጀመርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ይዘህ ስለ ጨርቅ ማውራትህ ራሱ ይቆጨኛል። ሰፈሩን ከጓደኞችህ ጋር እንዴት ነው የምትካፈሉት? አንዱ በሌላው ሰፈር ቢጣራ ምን ይደረጋል? ጥሪውን ማን አስተማረህ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጣራስ ድምፅህ ወጣ? መዳብና ነሐሱን ሳትፍቀው በምን ትለያለህ? ሕፃን ልጅ ደህና ድስት ይዞልህ ሲመጣ ምን ትለዋለህ? ዕቃቸውን ሸጠው ሲያበቁ የሚያለቅሱ ሰዎች አሉ ይባላል፤ እውነት ነው?

ወድጄ አይደለም የምጠይቀው። እኔና ናትናኤል የራሳችንን ጨዋታ ልንሠራ ተነስተናል። ኮዱን እኔ እጽፋለሁ፣ ሥዕሉን እሱ ይሥላል፤ በር ላይ አበባ የሚያወጣ እጅ ነው ያለው። የፈረሰችው ከተማ ቡታጅራን ትምሰል ተባብለናል፣ ለቃሚዎቹም ከቸሃ፣ ከመስቃን፣ ከቡኢ የወጡ ይሁኑ። ናትናኤል የውጪዎቹን ድስት ደፊ እንቅዳ ይላል። እኔ እምቢ አልኩ። እውነተኛውን የሚያውቅ ሰው አለኝ አልኩት፤ ማን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። እሱን የምትነግረው አንተ ነህ፣ ከፈለግክ። ወረዳዎቹ ለሥራ ከጠሩኝም እሄዳለሁ፤ ቀን የመንግሥት ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ከሥራ መልስ የራሴን እሠራለሁ። ለኔ ብለህ ከእንግዲህ ምንም አትላክ። ያለኝ ይበቃኛል።

ከአረፋው በፊት ባለው ማክሰኞ ና። ሐጂ ሀያቱ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ መጋዘናቸው በር ላይ ብቻቸውን ይቀመጣሉ፤ አይቻለሁ። እኔ ከጠዋት ጀምሬ መናኸሪያ እቆማለሁ። ከመጀመሪያው መኪና ባትወርድ ሁለተኛውን፣ ከሁለተኛው ባትወርድ ሦስተኛውን አያለሁ። ሰልሚያ «አብሬሽ ልቁም» ብላኝ «ነውር ነው፣ ሰው ምን ይላል» አልኳት። «ሰውማ ሦስት ዓመት ሙሉ ብሏል» ብላኝ ሄደች። እሷ ሳትመጣ አትቀርም።

አላህ እጅህን ከስብርባሪ፣ እግርህን ከሚስማር ይጠብቅልኝ። የምትጣራበት በር ሁሉ በመልካም ይመልስልህ።

ሁሌም የምትወድህ እህትህ
ባሂራ