ስሙን ያላነበብኩት ደረሰኝ

ለምወድሽ እህቴ ለአልታየች፣

የዚያ አገር ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ማዳምሽ እሑድ እሑድ ታስወጣሻለች ወይስ አሁንም በሩን ትቆልፍብሻለች? እኛ የአንኮበር ቁር ጆሯችንን ከመቆንጠጡ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማዬን እግሯን ያማታል እንጂ ሌላ ክፉ የለም።

በስልክ አፍሬ ያልነገርኩሽን ልጻፍልሽ። አባታችን ከሞተ ወዲህ የመሬቱን ግብር አጎታችን ጋሽ ፍሥሐ እንደሚከፍልልን ታውቂያለሽ። እማዬ በግ ሸጣ ትሰጠዋለች፤ እሱ ወረዳ ሄዶ ይከፍልና ደረሰኙን ያመጣል። «የወንድሜ ሚስት ሰልፍ አትቆምም» ይላል፤ እማዬም ትመርቀዋለች። ደረሰኙን የማነብላት እኔ ነኝ። ብሩንና ቀኑን አንብቤ፣ አጥፌ ሙዳይ ውስጥ እከተዋለሁ። ስሙን አንብቤ አላውቅም። የእኛ ደረሰኝ የማን ስም ሊኖርበት ነው ብዬ። እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩት ለዚህ ነው።

ባለፈው ወር የመሬት ደብተር ስለሚታደስ የግብር ደረሰኝ አምጡ ተባለ። አውጥቼ ባይ አራቱም ላይ «ፍሥሐ» ይላል። እዚህ መሬት የገባሪው እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። አራት ዓመት ሙሉ በእኛ በግ በራሱ ስም ሲገብር ኖሯል።

ለእማዬ እንዴት እንደምነግራት ሳስብ የመሬት ኮሚቴ ምርጫ ተጠራ። ደረሰኞቹን ጉያዬ ከትቼ ተከተልኳት። ሊቀመንበሩ ግብር የአገር ካስማ ነው፣ ድምፅ የዜጋ ክብር ነው እያለ ሲያወራ ሰዉ ያዛጋል። በኋላ ጋሽ ፍሥሐን ግብሩን አንድ ቀን አሳልፎ የማያውቅ ምስጉን ሰው ብሎ ለኮሚቴው ዕጩ አድርጎ አስነሣው። እሱም ጋቢውን አስተካክሎ እንደ ሙሽራ አቀረቀረ። የምትደግፉ ሲባል እጅ ሁሉ ወጣ። የእኛ ሰው እጁን የሚያወጣው የጎረቤቱን እጅ አይቶ ነው። ከሁሉ ቀድሞ የወጣው ግን የእማዬ እጅ ነበር።

የወጣው እጅ ገና ሳይወርድ የሚቃወም ሲባል የእኔ ወጣ። ሊቀመንበሩ አንቺ ልጅ ዕድሜሽ አልደረሰም፣ አውርጂ አለኝ። ሳቁብኝ።

«ድምፅ አልሰጥም፤ ደረሰኝ ላነብ ነው» አልኩ።

ብሩን ትቼ አራቱንም ስም አነበብኩ። ጋሽ ፍሥሐ ጸሐፊው ተሳስቶ ነው አለ። የንስሐ አባታችን አባ ገብረመንፈስቅዱስ ከኋላ ሆነው «ይህ ጸሐፊ አንዴ እንኳ ወደ ድሀዋ አይሳሳትም?» አሉ። እማዬ እጇን አወረደች። የሌላውም እጅ እርስ በርሱ እየተያየ ወረደ፤ ሲወጣም እንደዚያው ነበር። ሊቀመንበሩ ጉዳዩ ይጣራል ብሎ ስብሰባውን በተነ። እስካሁን ያጣራው የለም።

እማዬ ግን ሰኞ የአባታችንን ደብተር ይዛ፣ እኔን አስከትላ፣ በዚያ እግሯ ወረዳ ሄዳ የዘንድሮውን ራሷ ገበረች። ደረሰኙን ሲሰጧት መጀመሪያ ስሙን አንብቢው አለችኝ። «ዘርፈሽዋል» ብዬ የገዛ ስሟን አነበብኩላት። ድገሚው አለችኝ።

እማዬ ጉልበትሽ አይድከም ብላ መርቃሻለች። ታናሻችን ቤዚ ፀጉርሽን እንዳታሳጥሪ ብላለች። አብራሽ ለምትሠራው ለሰሊሃም ሰላም በይልኝ። ጋሽ ፍሥሐም ሰላም በሏት ብሏል፤ በማን ስም እንደላከው ግን አይተሽ ተቀበዪ።

እህትሽ መስከረም
አንኮበር፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.