አሥራ አንደኛው ክፍል፦ የአቶ ኦስሞ ካርፒኔን የሕይወት ታሪክ

አቶ ኦስሞ ካርፒኔን ከአባታቸው ከአቶ ታውኖ ካርፒኔንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢምፒ ሄይስካ፣ በፊንላንድ ኩህሞ በተባለች የእንጨት ቆራጮች ከተማ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1956 ተወለዱ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ የኤሌክትሪክ ምህንድስናን ደግሞ በኦውሉ አጠናቀው በ1981 በአንድ የሬዲዮ ፋብሪካ ተቀጠሩ። በ1984 ከወይዘሮ ሄልቪ ጋር ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም።

በ2003 ወይዘሮ ሄልቪ በስኳር ሕመም ምክንያት ዓይናቸውን አጡ። አቶ ኦስሞ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዝ፣ ነጥቦቹ እየተነሱ በጣት የሚነበብ ሰሌዳ ገዙላቸው። ነገር ግን ገመዱ በድንገት ከተነቀለ ኮምፒውተሩ ደርቆ ይቀር፣ የተጻፈውም ይጠፋ ነበር። በ2009 ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ሰሌዳውንና ኮምፒውተሩን የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚባለውን፣ እንደ አዲስ ማደራጀት ጀመሩ።

ይህን የምጽፈው የእህታቸው ልጅ ነኝ። ነገሩን ሦስት ጊዜ አስረድተውኛል፤ ሦስቴም ገብቶኛል ብዬ ዋሽቻለሁ። "ስማ፣ ገመዱ ሲነቀል ድራይቨሩ ሰሌዳው ሞቷል ብሎ መዝገቡን ይደመስሳል። ሌላው ፕሮግራም ግን ገና አልለቀቀውም! የሌለ ነገር ሲነካ ሁሉም ይወድቃል። መዝገቡ የመጨረሻው ተጠቃሚ እስኪለቀው ይቆይ ነው የምልህ" ይሉኝ ነበር። የተነቀለ ነገር እንዴት እንደሚቆይ ዛሬም ግራ ይገባኛል።

ሥራውን አሥራ አንድ ቦታ ከፍለው የኮምፒውተሩን ዋና ፕሮግራም በነፃ በጋራ ለሚሠሩ በየአገሩ ላሉ ባለሙያዎች በኢሜይል ላኩ። አሥሩ ተቀባይነት አገኙ። ዋናው አሥራ አንደኛው ግን ተመለሰ፤ ላኪው "ይህን የመስጠት መብት አለኝ" ብሎ የሚፈርምበትን መስመር ረስተውት ነበር። ሳያርሙት በልብ ሕመም ሆስፒታል ገቡ፤ ኅዳር 4 ቀን 2019 በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህ ክፍል ካልገባ፣ አቶ ኦስሞ ራሳቸው በወይዘሮ ሄልቪ ኮምፒውተር ላይ የጫኑትም በሚቀጥለው እድሳት ይጠፋል። ሥራውን የሚቀበሉት አቶ ዮርማ ደውለው "ለሟች መፈረም አይቻልም፤ ደንብ ነው" አሉ።

"ታዲያ ከሬሳ ሣጥኑ ላስነሳልህ?" አሏቸው ወይዘሮ ሄልቪ።

አቶ ዮርማ "ወራሹ ማን ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

"እኔ ነኛ! ከእኔ ሌላ ማን አለው?"

"እንግዲያው መብቱ የእርስዎ ነው፤ እርስዎ ይፈርሙ።"

"እኔ እኮ ሹራብ እንጂ ፕሮግራም ሠርቼ አላውቅም፣ አንተ ሰውዬ!" አሉ። ቢሆንም ሰሌዳውን በጣታቸው እያነበቡ፣ ከባለቤታቸው ስም ሥር ስማቸውን ጻፉ። ባለፈው ማክሰኞ "ተቀብለናል" የሚል መልስ መጣ።

ትናንት አንድ የማናውቀው ብራዚላዊ ፊርማቸውን አይቶ ስለ ድራይቨሩ ጥያቄ ላከላቸው። ምን እንደሚመለስለት ጨንቆኝ ሳለ ወይዘሮ ሄልቪ ራሳቸው "ገመዱን ንቀለውና እየው። እኔ ዛሬ ሰባት ጊዜ ነቅዬዋለሁ፤ አንድም ቃል አልጠፋብኝም" ብለው ጻፉለት።

አቶ ኦስሞ ባለቤታቸውን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ራውሃንና እኔን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በብርሃኑ ያሳርፍልን፤ ለወይዘሮ ሄልቪም ብርታቱን ይስጥልን።