ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወሬውም የኔ ነበር

ይድረስ ለምወድሽ፣ ለማከብርሽ፣ ሰሞኑን ደግሞ ክፉኛ ለተቀየምኩሽ እህቴ፣ ለእትዬ።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ሰቅዞ የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ሥራ አልበዛበትም? ልጅሽስ አደገች? ፎቶዋን አይተን ቁርጥ አንቺን ነው የመሰለችው ብለናል። እኛ እማዬም፣ ጋሼም፣ ቤቱም፣ የስፌት መኪናዎቹም ደህና ነን። እኔም በአካሌ ደህና ነኝ። ሆዴን ግን አትጠይቂኝ፣ እየነገርኩሽ እመጣለሁ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ማን ይጽፋል ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሳቂ። በስልክ እንዳልነግርሽ ስልኩ ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ ወይ ካርዱ አልቋል ወይ አንቺ ደክመሻል። «ደህና ነሽ አይደል? እማዬን ጠብቂያት፣ በይ ደህና ሁኚ» ትይኝና ጠፋሽ። ደግሞ ሌሎቹ አጠገቤ ተኮልኩለው ምን ብዬ ላውራ? ጎረቤታችን ነርሷ ወደ አንቺ ዘንድ ልትመጣ መሆኑን ስሰማ ወረቀት ገዛሁ።

ነገሩ የጀመረው የደንበኞቻችንን ልክ እንድንመዘግብበት ላፕቶፑን የላክሽልን ጊዜ ነው። ካርቶኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ፕላስቲኩን የላጥኩት እኔ ነኝ። ስንደውልልሽ ግን «ለሙሽሪት ስጪያት፣ እሷ ቶሎ ይገባታል» አልሽ። ለሙሽሪት! የወንድማችን የጋሼ ሚስት እዚህ ቤት ከገባች ስንት ጊዜዋ፣ ጥርስ ያበቀለ ልጅ ይዛ፣ እማዬ ዛሬም «ሙሽሪት» ነው የምትላት፣ አንቺም እንደዚያው። እኔ ታዲያ መቼ ነው የሆነ ነገር የምባለው? ለትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም የተማሪዎቹን ልክ የምወስደው እኔ፣ ጨርቁን የምቆርጠው እኔ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚጽፈው የሷ ጣት። የተቀመጠውስ የት መሰለሽ? የኔ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ። ኮት ልቆርጥ ጨርቅ በዘረጋሁ ቁጥር «ቀስ፣ ገመዱን እንዳትነኪው» ትለኛለች። በገዛ ጠረጴዛዬ!

ይኼስ ይሁን። ያንገበገበኝ ስልኩ ነው። አመሻሽ ላይ ትደውይላታለሽ፣ እሷ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ትሰካለች፣ እኔ የሚደርሰኝ ግማሹ ወሬ ብቻ ነው። ቁልቁል የሚወርደውን ኮለም፣ ወደ ጎን የሚሄደውን ሮው እንደምትሉት ያወቅኩት እንደ ሌባ ጆሮዬን ጥዬ ነው። ሮው ትልና ከት ብላ ትስቃለች። እስቲ በሞቴ እትዬ፣ ሮው ምኑ ነው የሚያስቀው? አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ምን አለች ብዬ ብጠይቃት፣ «ተይው፣ የኛ ቀልድ ነው» አለችኝ። የኛ! ያን ቀን እጄ ላይ የነበረው መቀስ ለምን ዝም ብሎ እንደተቀመጠ አላውቅም።

ቅናት አይደለም፣ ጩኸቱ ሰልችቶኝ ነው እያልኩ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር። ቅናት ነው። አንጀቴ ነው ያረረው። እኔና አንቺ በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ያደግን ነን፣ ስፌት መኪና ላይ ስቀመጥ ከኋላዬ ቆመሽ እጄን ይዘሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ከሄድሽ ወዲህ ለኔ የቀረኝ «ደህና ነሽ አይደል» ነው፣ ለሷ ግን አመሻሹ በሙሉ።

ሙሽሪት ልጇን ልታስከትብ የሄደች ዕለት ነው በሩን ዘግቼ ላፕቶፑን የከፈትኩት። እሷ ስትጽፍ አይቻለሁና ስም ጻፍኩ፣ ወጣልኝ። ደረት፣ ትከሻ፣ እጅጌ ብዬ ቁጥሩን ጻፍኩ፣ እሱም ወጣልኝ። እሰይ ብዬ ኮቶቹን የምናስረክብበትን ቀን ልጽፍ ብል ቁጥሩ ድራሹ ጠፍቶ የጻፍኩባት ሳጥን መሰላል መሰላል በሚመስል ምልክት ጥቅጥቅ አለች። ባጠፋው፣ ደግሜ ብጽፈው፣ መሰላል። ወይ ጉዴ፣ የእህቴን ዕቃ ሰበርኩት ብዬ ክዳኑን ጠርቅሜ ጨርቅ መቁረጥ ጀመርኩ። ሙሽሪት መጥታ ስትከፍተው አንዴ እሱን አየች፣ አንዴ እኔን አየች። «ሳጥኗ ጠብባ ነው እንጂ ምንም አልሆነም፣ ሰፋ አድርጊላት» አለችና ጠርዟን ሳብ ስታደርግ ቀኑ ቁጭ! ልክ የጠበበ ወገብ እንደምንለቀው። ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም።

ከዚያ ወዲያ እሷው አስተማረችኝ፣ ጥርሴን ነክሼ ተማርኩ። አንድ ነገሯን አልክድም፣ እሷ አትነካም። ማውሱን እጄ ውስጥ ታስገባና የራሷን እጅ ከጀርባዋ አጣምራ «አንቺ አድርጊው» ነው። ለስፌት የሚተወውን ጨርቅ በየልኩ ላይ አንድ በአንድ በእጄ ስደምር የኖርኩት ሴትዮ፣ የእኩል ይሆናልን ምልክት ጽፌ፣ ሳጥኗን ነክቼ፣ የሚተወውን ደምሬ፣ ጥጓን ይዤ ቁልቁል ብጎትታት የክፍሉ ልጆች በሙሉ ተደምረው ቁጭ። እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን ፊቴን አኮሳትሬ «እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?» አልኩ፣ ደስ ማለቴን እንዳታይብኝ።

አንድ ጊዜ ደግሞ የጻፍኩትን ሁሉ በስህተት አጥፍቼ ስጮህ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «አይዞሽ፣ ይተረተራል» አለችና ወደ ኋላ የሚመልሰውን አሳየችኝ። ይተረተራል! ይህ ያንቺ ቃል ነው። ኮሌታ አጣምሜ ስሰፋ፣ ሳለቅስ፣ ለኔ ትይኝ የነበረው ነው። እሷ መኪና ላይ ተቀምጣ አታውቅም፣ ከየት አመጣችው? ለሷ ሰጥተሻታል ማለት ነው። ያን ቀን ራሴን አሞኛል ብዬ ተነሳሁ።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣልሽ። ሙሽሪት ፋይሉን ልትልክልሽ ስትሰናዳ፣ እኔ ቀደም ብዬ የልጆቹን ስም በፊደል ተራ ላሰልፈውና እትዬ አይታ ይህን ያማረ ሥራ ማን ሠራው ትበል ብዬ ተመኘሁ። የስሙን ኮለም ብቻ መረጥኩና ደርድር የሚለውን ተጫንኩ። ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ በእንግሊዝኛ። ሁለት ምርጫ ነበረው፣ አንደኛው አልገባኝም፣ በሁለተኛው ውስጥ ግን ቀጥል የሚለውን ቃል ስለማውቀው እሱን ነካሁ። ቀጠለ! ስሞቹ ተሰለፉ፣ ልኮቹ ግን ባሉበት ቀሩ። የአንዱ ስም የሌላው ደረት ላይ ተቀመጠ። እኔ ምኑን አውቄ፣ ምን የመሰለ ሰልፍ ነው እያልኩ አየሁት። ከዚያው ላይ እያየሁ የክፍሉን ኮት በሙሉ ቆረጥኩ። ልጆቹ ሲለኩ እየተጋፉ ነው የሚገቡት፣ የማን ትከሻ የማን እንደሆነ በምን ላስታውስ?

ያስረከብን ዕለት በትምህርት ቤቱ ግቢ የሆነውን ብታዪ! ሚጢጢዋ ልጅ ኮቷ ጉልበቷን አልፎ እጆቿ ጠፍተዋል። ያ እንደ ዘንጋዳ የረዘመው የክፍሉ ልጅ ደግሞ እጅጌው ክርኑ ላይ ቆሞ ክንፉን እንደዘረጋ ወፍ ተገትሯል። አበስኩ ገበርኩ! ዳይሬክተሯ ከቢሮዋ ወጥታ ምንድን ነው ይኼ ስትል ሁሉም ሙሽሪትን አየ፣ ኮምፒውተሩ የሷ ነዋ። ሙሽሪት እኔን አየችኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ የሚጢጢዋን እጅጌ ማጠፍ ጀመርኩ። እሷ ደግሞ ፈጠን ብላ «የኔ ስህተት ነው» አለች። ደግነቱ አንድም ጨርቅ አልባከነም፣ እያንዳንዱ ኮት ለአንዱ ልጅ ልኩ ነው፣ የሌላ ሰው ስም ብቻ ነው የተለጠፈበት። ልጆቹ እየተሳሳቁ፣ እያወለቁ፣ እየተቀያየሩ ግቢው ገበያ ሆነ። በመጨረሻ ሁሉም ልኩን አገኘ፣ ዳይሬክተሯም ሆዷን ይዛ ሳቀች።

እዚህ ድረስ ደህና። አመሻሽ ላይ ደወልሽ። ሙሽሪት ማዳመጫዋን ሰክታ «ጉድ ሠራሁ» ብላ ጀመረች። ሠራሁ! ሚጢጢዋን ነገረችሽ፣ ዘንጋዳውን ነገረችሽ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ አንቺም ወዲያ ማዶ ስትስቂ ማዳመጫውን አልፎ ተሰማኝ። ስንት ዘመን ያልሰማሁት ሳቅሽ ነው! ከዚያ ቀጠል አድርገሽ ስም ሲደረደር ልኩም አብሮ እንዲሄድ የትኛውን መንካት እንዳለባት ረጅም ሰዓት ስታስተምሪያት አመሸሽ። እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ ቁልፍ እሰፋለሁ። እትዬ፣ ያን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ! ያ ሳቅ የኔ ነበር። ያ ትምህርት የኔ ነበር። ጋሼ «ልትሸፍንልሽ ብላ ነው፣ አመስግኛት» ይለኛል። ማን ሸፍኚልኝ አላት? እህቴን ወሰደች፣ ጠረጴዛዬን ወሰደች፣ ስህተቴንስ እንኳ ብትተውልኝ ምን ነበረበት?

በማግስቱ ያስተማርሻትን ለኔ አስተማረችኝ። አሁን በደንብ ችያለሁ፣ መጀመሪያ ያለውን ነው የምነካው፣ ስሙም ልኩም ተያይዘው ይሄዳሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በመቻሌ ከፋኝ። ከእንግዲህ ምን ብዬ እጠይቅሻለሁ? ሆን ብዬ ሌላ ነገር ላበላሽ ሁሉ አስቤ ነበር፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ እንጂ። እኔ ኮምፒውተር ወድጄ አይደለም የተማርኩት። ከኔ ጋር ወሬ ሲያልቅብሽ ስላየሁ፣ የምናወራው ነገር ይኑረን ብዬ ነው።

እማዬ ዓይንሽን ትስማለች፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ እንደምትወስድ ንገሪያት ብላኛለች፣ እኔም አስታውሼ እሰጣታለሁ። ጋሼ ሰላም ብሎሻል፣ ስልኩን ቀይሯል፣ ቁጥሩ ያው ነው። ልጁ አክስትህ የት ነው ያለችው ሲሉት ወደ ላፕቶፑ ይጠቁማል። ሙሽሪት ሰላም በይልኝ አላለችኝም፣ ማታ ማታ ራሷ ትልሽ የለም። ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ልጅሽን ጉንጮቿን ሳሚልኝ።

እኔም ሰላም ብዬሻለሁ። የጠፋብኝ ነገር የለም፣ የተበላሸብኝም የለም፣ የምጠይቅሽም የለኝም። እንዲሁ ደውይልኝ።

እህትሽ
ከመቁረጫው ጠረጴዛ፣ በቀረችልኝ በኩል
ጥቅምት ፲፬ ቀን